መለኪያው ማን እጅ ላይ ይሁን? ከቼሳፒክ ኦይስተር እስከ ጣና መረብ

ደሳለኝ፦ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ዓሣ ነው፤ በተለይ አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ሳይጥል መረብ ውስጥ ስለሚገባው ትንሽ ዓሣ። ሄለን ግን ከአሜሪካ እንጀምር ብላለች።

ሄለን፦ አዎ፤ እዚያ ሕጉ በጣም ግልጽ ስለሆነ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ የሚባል ትልቅ የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ኦይስተር ይወጣበታል። ኦይስተር ለማታውቁት፣ ሁለት ቅርፊት ያለው፣ ውሃው ሥር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ሕጉ ምን ይላል? ቅርፊቱ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.6 ሴንቲሜትር ካልሞላ አትውሰድ። አለቀ።

ደሳለኝ፦ ለምን 3 ኢንች?

ሄለን፦ እስኪራባ ጊዜ እንዲያገኝ ነዋ። እዚያ መጠን ላይ ለመድረስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ደግሞ አብዛኞቹ ሲጀምሩ ወንድ ናቸው፣ እያደጉ ሲሄዱ ሴት ይሆናሉ። ስለዚህ ትንንሹን ለቅመህ ከጨረስክ ነገ እንቁላል የምትጥለውን ነው የጨረስከው።

ደሳለኝ፦ እሺ፣ ማን ይለካል? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሕግማ እኛም አለን።

ሄለን፦ መጀመሪያ የሚለካው ራሱ አውጪው ነው፣ እዚያው ጀልባው ላይ። ያወጣውን ሰሌዳ ላይ ይዘረግፈዋል። ትንሽ መዶሻ ይይዛል፣ መዶሻው ላይ መለኪያ አለው። ትንንሾቹ ትልልቆቹ ላይ ተጣብቀው ስለሚወጡ መታ መታ እያደረገ ያላቅቃቸዋል፤ የሚያጠራጥረውን መለኪያው ውስጥ ያስገባዋል፣ ያልሞላውን ወዲያው እዚያው ውሃው ውስጥ ይመልሰዋል። ባዶ ቅርፊቱም ይመለሳል፤ አዲስ የተፈለፈለው የሚጣበቀው እሱ ላይ ነዋ።

ደሳለኝ፦ ባይመልስስ?

ሄለን፦ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ አለ። ጭነቱን ይፈትሻል፤ ያልደረሰውና ባዶው ቅርፊት አንድ ላይ ከ5 በመቶ ከበለጠ ጥፋት ነው። ይህ የዛሬ ነገር አይምሰልህ። የውሃ ፖሊሱን ያቋቋሙት በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። የመጠን ሕጉ በ1890 በ2.5 ኢንች ተጀመረ፣ በ1927 ወደ 3 ከፍ አለ። ግን እውነቱን እንናገር፣ ሕጉ የመጣው ምርቱ ጣሪያ ነክቶ ማሽቆልቆል ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በሽታም ተጨመረበት፣ እስከ ዛሬ ወደ ድሮው አልተመለሰም። ሳይቃጠል በቅጠል አላሉም።

ደሳለኝ፦ እኛስ ብለናል? የጣናን ነጭ ዓሣ ውሰጂ። ሌላ የትም አገር የሌሉ ዝርያዎች እዚህ አሉ፣ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚሏቸው። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ባለው አስር ዓመት ውስጥ ብቻ ይህ ዓሣ በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ ተመራማሪዎች በደቡቡ የሐይቁ ክፍል መረብ እየጣሉ ያረጋገጡት ነው። አስቢው፣ አስር ዓመት!

ሄለን፦ እና እኛም ለዓሣው የመጠን ገደብ እናውጣ ነው የምትለኝ?

ደሳለኝ፦ አይደለም! እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። ኦይስተሩን ስትመልሺው በሕይወቱ ነው። እኛ ጋ መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት ነው የሚነሳው። ዓሣው ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ሆዱ አያልፍም፣ ወደ ኋላ ሲል ክሩ አንቆ ይይዘዋል፤ ጠዋት ስትደርሺ ሞቷል። ትንሽ ነው ብለሽ ለክተሽ ብትመልሺው ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ መለካት ያለበት የመረቡ ዓይን ነው። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹ ራሱ ሾልኮ ይሄዳል፣ ማንም ሳይቆጣጠረው።

ሄለን፦ ገበያ ላይ መቆጣጠርም ከባድ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ በላስቲክ ከገባ በኋላ ማን ይለካዋል?

ደሳለኝ፦ ማንም። በዚያ ላይ ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ የተገኘው ሁሉ ይሸጣል። እና አሁን በጣም የሚያናድደኝን ልንገርሽ፦ ሞኖፊላመንት የሚሉት ነጠላ ክር የላስቲክ መረብ። ርካሽ ነው፣ ዓሣው አያየውም፣ ዓይኑም ጠባብ ሆኖ ይሠራል። ሲበጣጠስ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ አይበሰብስም፣ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ ሲይዝ ይኖራል። ሕገወጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ቁጥጥር ሲባል ምን ይደረጋል? ታንኳ ላይ ያለው ድሃ አስጋሪ መረቡ ይቀማና ይቃጠልበታል። መረቡን ያስገባውና በጅምላ የሸጠው ሰውዬስ?

ሄለን፦ እሱን ማን ነክቶት። ቼሳፒክ ላይ እኮ ጀልባው ላይ ያለው ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ ያልደረሰ ኦይስተር ይዞ የተገኘ ነጋዴም ይጠየቃል።

ደሳለኝ፦ በቃ! እኔ የምለው እሱን ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ የፌዴራል ነው፣ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ቁጥጥሩ ከመጋዘንና ከሱቅ ይጀምር። ሺህ ታንኳ ከማሳደድ ጥቂት በር ማንኳኳት ይቀላል።

ሄለን፦ እኔ ደግሞ ማስገር የሚዘጋበትን ጊዜና ቦታ እጨምራለሁ። ነጭ ዓሣው ክረምት ላይ፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ነው የሚጠብቀው። እዚያ መረብ ከዘረጋህ የዓይኑ ስፋት ምንም አይረዳም፤ የምትይዘው ትልልቋን፣ እንቁላል የያዘችውን ነው። ወንዙ ላይ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን ደግሞ አለ፣ እሱ ትንሽ ትልቅ አይልም።

ደሳለኝ፦ ታዲያ ሁለት ወር ሲዘጋ አስጋሪው ምን ይብላ? ይህን ሳትመልሺ ዝጉ ማለት አትችዪም።

ሄለን፦ ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ አላልኩም እኮ። የወንዝ አፎቹ ብቻ። ሌሎቹ ዓሦች፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይሰገራሉ። ጥበቃውንም በአካባቢው ላሉት የአስጋሪ ማኅበራት መስጠት ነው፣ በአበል። ማን መቼ ምን መረብ ይዞ እንደወጣ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ ጀልባና ነዳጅ እስኪፈቀድለት ዓሣው ወጥቶ ያልቃል።

ደሳለኝ፦ በአበሉ እስማማለሁ። ግን ሕጋዊውን መረብ በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብም አብሮ ይሂድ፤ አለዚያ የተቃጠለበት ሰው በማግስቱ ያንኑ ላስቲክ ይገዛል። ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ዘጌ ያላችሁ አስጋሪዎች፣ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ አሁን በስንት እንደሚሸጥ በድምፅ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋውን ይዘን መረብ ነጋዴዎቹን እናነጋግራለን።