«ታዲያ አሁን እከሳለሁ?»

እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ዛሬ ጠዋት የታይሮይድ ኪኒናችሁን ውጣችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ውጬ ነው የመጣሁት። እናታችሁን ወይም ባለቤታችሁን ልታጅቡ የመጣችሁም አላችሁ። ለእናንተም የምለው አለኝ።

ታይሮይድሽ ሥራው ቀንሷል ተብዬ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ሲታዘዝልኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ አሁን እከሳለሁ?» ሐኪሙ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «አዎ፣ ይቀንሳል» አሉኝ። ስንት እንደሚቀንስ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ቤቴ እስክደርስ 15 ኪሎ በሐሳቤ ቀንሼ ነበር።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ሰውነታችን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል በአብዛኛው የምትቆጣጠረው እሷ ናት። እሷ ስትደክም የልብ ምት ይዘገያል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ብርድ ይጠናል፣ ፊት ያብጣል። ክብደትም ይጨምራል። ግን ብዙዎቻችን የምናስበውን ያህል አይደለም። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር እንደሚለው ከታይሮይድ መድከም የሚመጣው ጭማሪ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚያም አብዛኛው ስብ ሳይሆን ሰውነት የቋጠረው ጨውና ውሃ ነው።

ይህን በጣቴ ነው ያየሁት። ከመታከሜ በፊት ቀለበቴ ያለ ሳሙና አይወልቅም ነበር። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የላስቲኩ ምልክት ተቀርጾ ይቀራል። መድኃኒቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ቀለበቴ ጣቴ ላይ መዞር ጀመረ። ፊቴ መልሶ የራሴ ሆነ። ሚዛን ላይ ስወጣ ግን የቀነስኩት 3 ኪሎ ብቻ ነበር። አለቀስኩ። መድኃኒቱ ሥራውን በደንብ ሠርቶ ሳለ አልሠራም ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ያደረግኩትን ለማንም ሳልነግር ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከእናንተም አንዱ ይህን እያሰበ ሊሆን ስለሚችል ነው። በቀን አንድ የታዘዘልኝን ሁለት አደረግኩት።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ሌቮታይሮክሲን ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ትርፉ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። በኋላ ግን ሌሊት በግራ ጎኔ ስተኛ የልቤን ምት ትራሱ ውስጥ እሰማው ጀመር። ብርጭቆ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሚዛኑ እየወረደ ነበር፣ ደስ ብሎኛል። ግን ደረጃ ስወጣ ጭኔ ይከዳኝ ጀመር። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ደሜ ሲመረመር ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኘ። ታይሮይድን «ሥሪ» የሚላት እሱ ነው፤ ደም ውስጥ ሆርሞን ሲተርፍ እሱ ዝም ይላል። ሐኪሟ እጄን ይዘው «እህቴ፣ አንቺ የከሳ የመሰለሽ ስብሽ ነው፤ ጡንቻሽም አብሮ እየሄደ ነው» አሉኝ። በዚያው ብቀጥል የልብ ምት መዛባትና የአጥንት መሳሳት ሊመጣብኝ ይችል እንደነበረም አስረዱኝ።

የመድኃኒቱን መግለጫ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ትእዛዝ፣ መግለጫው ላይ በሳጥን ተከቦ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። ለውፍረት ወይም ለማክሳት አይወሰድ፣ በብዛት ከተወሰደ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል ይላል።

ይህ ስህተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ መድኃኒት ለአንዲት ታማሚ በመርፌ ሰጠ። ሴትዮዋ ሕክምናውን ሳታቋርጥ 28 ዓመት ኖረች። ግን ብዙም ሳይቆይ ያው የታይሮይድ መድኃኒት ዕጢያቸው ጤነኛ ለሆነ ሰዎች ማክሻ ተብሎ ይሰጥ ጀመር።

ታይሮይዳችሁ ከልክ በላይ ለሚሠራው ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የታይሮይድን ሥራ የሚያበርደውን ሜቲማዞል የሚባል ኪኒን ስትጀምሩ በሕመሙ የሄደው ኪሎ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አልፎ ይጨምራል። ያስደነግጣል፣ እረዳለሁ። እባካችሁ በዚህ ምክንያት ኪኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ። ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ።

አወሳሰዱ ላይም ልጨምር፤ «አልሠራልኝም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል። ከዚያ ቁርስም ሆነ ቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ከሱ 4 ሰዓት ይራቅ፤ ካልሆነ አንጀት ውስጥ ይዘውት ይቀራሉ። መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቁና ደም ተመርመሩ። መጠኑ የሚስተካከለው በዚያ ውጤት ነው፣ በሚዛን አይደለም። ቲኤስኤች ልክ ገብቶ ክብደቱ አልወርድ ካለ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ ኪኒን መጨመር መልስ አይሆንም።

አጅባችሁ ለመጣችሁ ደግሞ፦ «መድኃኒት እየወሰድሽ እንዴት አልከሳሽም?» አትበሉን። እኔን ወደ ሁለተኛው ኪኒን የገፋችኝ ይህች ጥያቄ ናት። ይልቅ ድካሙ ቀለል አለሽ ወይ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁን።

የደም ውጤታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አሁን አውጡት። ሐኪሞቻችን ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከዕረፍት በኋላ አንድ በአንድ ያዩላችኋል። የቲኤስኤች ቁጥራችሁን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከጎኑም ኪኒኑን በስንት ሰዓትና ከምን ጋር እንደምትወስዱ ጨምሩበት። አመሰግናለሁ።