«ጀርባዋን ስንነካት ትንፈራገጣለች»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ ሰዓታችን የበግና የዶሮ ጥያቄ ነበር የጠበቅሁት። ሦስት ሰው ደውሎ ስለ ጊኒ ፒግ ጠየቀኝ፣ ያቺ ከአይጥ ዘር የሆነች፣ ጅራት የሌላት ትንሽ የቤት እንስሳ። ጎንደር ውስጥ ይህን ያህል ጊኒ ፒግ አለ ብዬ አላስብም ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰዓት አጥሮብኝ በጥድፊያ ስለመለስኩ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ከማራኪ የደወለች እናት፦ «ወንድሜ ከአዲስ አበባ ለልጄ ያመጣላት ጊኒ ፒግ ሁለት ወር ቢሆናት ነው። ጀርባዋ ተመልጦ ቅርፊት ይዟል፣ ደም እስኪወጣት ታካለች። ትናንት ልጄ ስትነካት ወድቃ ተንፈራገጠች። የሚጥል በሽታ ነው ብለን ደነገጥን። ጎረቤቴ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቢያት ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ለከብቶቹ የሚወጋው አይቨርሜክቲን አለ፣ ልውጋት ይላል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ዘይቱን ተይው። አህያና ውሻ ላይ ሲቀባ ስላየን መድኃኒት ይመስለናል እንጂ የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሷም ትልሰዋለች፣ ሆዷ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

መንፈራገጧ ከእከኩ የመጣ ይመስለኛል። ጊኒ ፒግን የሚይዝ የራሱ የእከክ ተባይ አለ። በዓይን አይታይም፣ ቆዳ እየቦረቦረ ይገባል። ማሳከኩ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም፤ ሲበረታ፣ የታመመውን ቦታ ገና ጣት ሲነካው እንስሳዋ መሬት ላይ ወድቃ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ትሆናለች። ቅማል ቢሆን ፀጉሯን ገለጥ አድርገሽ በፀሐይ ብርሃን ስታዪ ስትንቀሳቀስ ታገኚያታለሽ፣ እንዲህም አያሰቃይም።

ወደ አጎትሽ መርፌ ልምጣ። የመድኃኒቱን ዓይነት አልተሳሳተም፣ አይቨርሜክቲን ለዚህ ተባይ ይሠራል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የከብቱ መድኃኒት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው፣ ይህ 50 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ የሚበቃ ነው። ያንቺዋ 300 ግራም ብትመዝን የሚደርሳት ከ1 ሚሊ ሊትር መቶ ቦታ ተከፍሎ አንዱ ገደማ ነው። ይህን በከብት ስሪንጅ ማን ይለካል? መርፌው ጫፍ ውስጥ የሚቀረው ጠብታ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሐኪም መዝኖ፣ መድኃኒቱን አቅጥኖ ይስጣት። አንዴ ተሰጥቶም አይበቃም፣ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን እያረፈ ሁለት ሦስቴ ይደገማል። አብራት የምትኖር ሌላ ካለች እሷም ትታከም፣ ባያሳክካት እንኳ። ሰጋቱራውን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ ጣይው፣ ካርቶን ከሆነ ቤቷ ካርቶኑንም ቀይሪ። እስከዚያ ልጅሽ ጀርባዋን አትንካት፣ አትጠቢያትም። የጎንደር ሌሊት እርጥብ ለሆነች ትንሽ እንስሳ ቀልድ አይደለም።

ምን ትበላለች ብዬ ስጠይቅሽ «ዳቦና ካሮት» አልሽኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነበር። ጊኒ ፒግ እንደ እኛ ናት፣ ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ ውስጥ መሥራት አትችልም፣ ካልበላችው የላትም። ሲያጥራት ፀጉሯ ይንጨባረራል፣ መገጣጠሚያዋ ያማታል፣ ቁስሏ እምቢ ይላል፣ ለተባዩም እጅ ትሰጣለች። በጤናዋ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፣ እያደገች ያለችና የታመመች ከዚህም በላይ። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ነው፦ በየቀኑ ሁለት ቅጠል የአበሻ ጎመንና ቁራጭ የፈረንጅ ቃሪያ፣ የማያቃጥለው። ዘይቱን ሲገኝም ጥሩ ነው። (ፍሬውን ማለቴ ነው፣ ያንን ጥቁር ዘይት አይደለም!) ክኒን ውሃዋ ውስጥ መበጥበጥ ግን ብዙም አይጠቅም፣ ቫይታሚኑ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ድርቆሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አይጥፋ።

ከአዘዞ የደወለ ተማሪ፦ «የኔዋ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ዓይናር ያጣብቀዋል። ቲቲሲ ቀባኋት፣ ለውጥ የለም። ከጥንቸሎቼ ጋር ነው የምትኖረው።»

ጎበዝ፣ ቲቲሲውን አቁም። ለእኛ ዓይን ስንት ጊዜ የታደለ ቅባት ስለሆነ የማይጎዳ ይመስላል። እሷ ግን በእጇ ፊቷን ጠርጋ ትልሰዋለች፣ የጊኒ ፒግ አንጀት ደግሞ ከአንዳንድ አንቲባዮቲክ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ምግቧን የሚያብላሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ይሞቱና መርዘኛው ይነግሣል። በተለይ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በአፏ እንዳትሰጣት፣ በቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። የሰው የዓይን ጠብታም አትጨምርባት፤ ስቴሮይድ (መቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለው ከሆነና ዓይኗ ተጭሮ ከሆነ ቁስሉን ያባብሰዋል።

አንድ ዓይን ብቻ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጭድ ነው። ምን አነጠፍክላት ብዬ ስጠይቅህ የጤፍ ጭድ አልከኝ። ያ ሹል ነገር ብዙ ዓይን ወግቷል። አፍልተህ ባቀዘቀዝከው ውሃ ንጹሕ ጨርቅ አርሰህ ዓይናሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረግላት፣ ሳትታገል፣ ሳትጫን። ዓይኗ ሲከፈት ደመና የመሰለ ነገር ከታየህ ለነገ አትበል፣ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዳት። ቁስል መኖሩን በቀለም ጠብታ ይፈትሸዋል።

ሁለቱም ዓይን ቢያለቅስ፣ አፍንጫዋም ቢረጥብ፣ ስትተነፍስ ድምፅ ብታሰማ ግን ነገሩ ከዓይን አልፏል፣ ሳንባ ነው። ከጥንቸሎችህ ጋር መኖሯ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። ጥንቸል ራሷ ሳትታመም የምትሸከመው ባክቴሪያ ጊኒ ፒግን የሳንባ ምች ያስይዛታል። ዛሬውኑ ለያቸው። ደግሞ ምግብ ካቆመች ዓይኑን ተወውና ሩጥ፤ ጊኒ ፒግ አንድ ቀን ጦሟን ካደረች አንጀቷ ይቆማል።

ያቺ አንዳንዴ ከዓይኗ ወጥታ ፊቷን የምትታጠብባት ወተት የመሰለች ፈሳሽ ግን ጤና ናት። እሷን አትጥረግባት።

ከአራዳ የደወሉ አባት፦ «እናንተ ለአይጥ ዘር ሐኪም ትሻላችሁ? እኔ የምጠይቀው ስለ ልጅ ልጄ ነው። አንገቱ ላይ ክብ ነገር ወጣበት። ያቺ ጊኒ ፒጉም አፍንጫዋ ዙሪያ ተመልጧል።»

አባባ፣ ሳቅዎን ይዘው ቁም ነገሩን ራስዎ መለሱት። ጭርት ነው የሚመስለው፣ ከእሷ ወደ ልጁ የሄደ። ጊኒ ፒግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫ፣ ከዓይን ዙሪያና ከጆሮ ይጀምራል፣ በተለይ ግልገሎቹን ይወዳል። እንደ እከኩ ብዙ አያሳክክም። ልጁን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ እንስሳ እንደሚይዝም ይንገሯቸው። ፌጦና ሎሚ እያሹ ቆዳውን አያቁስሉት። እሷን የሚይዝ ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልጁም እስክትድን አቅፏት አይተኛ። ለእሷ የፈንገስ መድኃኒት አለ፣ ሳምንታት ይፈጃል። የተራገፈው ፀጉር ምንጣፍ ላይ ቆይቶ መልሶ ይይዛልና ምንጣፉም ይታጠብ።

የት እንውሰዳቸው ላላችሁኝ ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ከቆዳዋ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እከክ ይሁን ጭርት ይለያል። ስትሄዱ ክብደቷን በሱቅ ሚዛን መዝናችሁ፣ የቀባችሁትንም ሁሉ ሳትደብቁ ተናገሩ። የማራኪዋ እህቴ፣ ዘይቱን ቀብተሽ ከነበረም ንገሪያቸው፣ ማንም አይቆጣሽም።