ራትዚንገር ሲመረጡ ግማሹ ለምን ጨፈረ፣ ግማሹ ለምን አኮረፈ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለተመረጡት ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ፣ ያው ስለ ጀርመናዊው ካርዲናል ዮሴፍ ራትዚንገር አንስተን ስልኩ አላቆም ብሎ ሰዓት አለቀብን። አየር ላይ የመለስኩትንም ያልደረስኩበትንም አንድ ላይ አድርጌ ይኸው። ቀኑን ለማስታወስ ያህል በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ግን በፈረንጆቹ ናቸው)፣ እኛ አገር ሰው ሁሉ የግንቦት 7ቱን ምርጫ ክርክር ቲቪ ላይ አፍጥጦ የሚያይበት ሰሞን ስለነበር የሮሙ ምርጫ ብዙዎቻችንን በጆሯችን ገብቶ በሌላው ነው የወጣው።

ከአዳማ የደወሉ አባት፦ እንደዚያ ያለ ወግ አጥባቂ ይመረጣል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም ይባላል፣ እውነት ነው?

አይ አባቴ፣ እሱ በኋላ የመጣ ወሬ ነው። ጋዜጦቹ ከጅምሩ ስማቸውን ከላይ ነበር የሚጽፉት፣ ግን ሮም ውስጥ «ፖፕ ሆኖ የገባ ካርዲናል ሆኖ ይወጣል» የሚል የቆየ አባባል አለና እሳቸውን ያልፈለገ ሰው ሁሉ ስማቸው ከላይ በመሆኑ ራሱ ተጽናንቶ ቁጭ አለ። ቁጥሩን ላየ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ድምፅ የሰጡት 115 ካርዲናሎች ናቸው፣ ከነዚህ ውስጥ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ያልሾሟቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንደኛው ራሳቸው ራትዚንገር። የቀሩትን በሙሉ ከ26 ዓመት በላይ መንበሩ ላይ የቆየ አንድ ሰው ነው የመረጣቸው፣ ታዲያ ከዚያ ውስጥ አብዮተኛ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ምኞት እንጂ ስሌት አይደለም።

ደሞ እዩ፣ የካርዲናሎች ጉባኤ ዲን ስለነበሩ የሟቹን ፖፕ የቀብር ቅዳሴ የመሩት እሳቸው፣ ከዚያ በኋላ ካርዲናሎቹ በየቀኑ ሲሰበሰቡ ሰብሳቢው እሳቸው፣ ሚያዝያ 10 ጠዋት ምርጫው የሚካሄድበት የሲስቲን ጸሎት ቤት በር ከመዘጋቱ በፊት የሰበኩትም እሳቸው። በዚያ ስብከት ላይ ምንም አልለሳለሱም፣ የጸና እውነት የለም የሚል፣ የሰውን ፍላጎት ብቻ የመጨረሻ መለኪያ ያደረገ አምባገነንነት እየተገነባ ነው ብለው ቁጭ አደረጉት። ሊመረጥ የፈለገ ሰው እንዲህ አይናገርም ያሉ ተንታኞች ነበሩ፣ ለኔ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ የሚሰጡት ፊታቸው የተቀመጡት ካርዲናሎች ናቸው እንጂ የጋዜጣ አንባቢ አይደለም። በማግሥቱ ከሰዓት፣ በአራተኛው ዙር ላይ፣ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ማለትም 77 ድምፅ አልፈው ወጡ።

ከአዲስ አበባ አንዲት እህት፦ እሳቸው ራሳቸውስ ፈልገውት ነበር?

እህቴ፣ ከተናገሩት ተነስተን ካየነው አልፈለጉትም። ዕድሜያቸው 78 ነበር፣ ጡረታ ወጥተው መጽሐፍ መጻፍ ነበር ሐሳባቸው። ከተመረጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጀርመን ለመጡ ምዕመናን ሲያወሩ ድምፁ ወደሳቸው እያጋደለ ሲመጣ ጊሎቲን፣ አንገት መቁረጫው ማለት ነው፣ እላያቸው ላይ የሚወርድ መስሏቸው እንዳዞራቸው ተናግረዋል። ውጪ አደባባዩ ላይ ያለው ሕዝብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከጸሎት ቤቱ የሚወጣውን ጭስ እያየ ነጭ ነው፣ ማለትም ተመርጧል፣ አይደለም ጥቁር ነው እያለ ይከራከራል፣ ቀለሙ ግራጫ ነገር ነበር፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ የለየለት ነገር አልነበረም።

ከቨርጂኒያ በቫይበር የላኩልን፦ እዚህ አሜሪካ ያሉ ኮንሰርቫቲቮች በጣም ነበር የፈነደቁት፣ ሰውየው የሪፐብሊካን ዓይነት ሰው ነበሩ ማለት ነው?

ወንድሜ ፈንጠዝያው ልክ ነው፣ ምክንያትም ነበረው። በ2004 ኬሪ ከቡሽ ጋር ሲወዳደር ውርጃን የሚደግፍ ፖለቲከኛ መቁረብ አለበት የለበትም የሚል ትልቅ ጭቅጭቅ ነበር፣ ኬሪ ደሞ ካቶሊክ ነው፣ ያኔ ራትዚንገር ለአሜሪካ ጳጳሳት ጠንከር ያለ ማስታወሻ ልከው ነበርና ኮንሰርቫቲቩ ካቶሊክ «የኛ ሰው» ብሎ ያዛቸው። ግን እኚሁ ሰውዬ ናቸው ከኢራቅ ጦርነት በፊት ‹ቀድሞ መምታት› የሚባል ነገር በካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ውስጥ የለም ያሉት። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ኢኮኖሚ ያወጡት መልእክት ገበያውን እንዲሁ በራሱ ይሂድ የሚል አልነበረም፣ ሀብት ስለማከፋፈልና ስለ ሠራተኛ ማኅበር ሁሉ ያነሳል፣ ያኔ አንዳንድ የጨፈሩት ሰዎች ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አይተናል። የአሜሪካን ሁለት ፓርቲ ይዞ ሮም መሄድ አያዋጣም፣ የትኛውም ፖፕ ላይ ልክ አይመጣም።

ከባሕር ዳር፦ የሂትለር ወጣት ነበሩ የሚባለውስ?

ይሄን ጥያቄ ቢያንስ አምስት ሰው ነው የጠየቀው። የእንግሊዝ ታብሎይዶች በማግሥቱ በፊት ገጻቸው የተጫወቱበት ነገር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1927 ባቫሪያ ውስጥ ማርክትል አም ኢን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ የሂትለር ወጣቶች ማኅበር አባልነት ደግሞ ከ1939 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኗል፣ 14 ሲሞላቸው አስመዘገቧቸው። በ1943 ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ወደ ፀረ አውሮፕላን ምድብ ተወሰዱ፣ በ1945 ጦሩን ጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ያኔ ጥሎ የሄደ የተያዘ እንደሆነ ይረሸናል፣ ከዚያ አሜሪካኖች ማርከዋቸው ለጥቂት ሳምንት ታሰሩ። አባታቸው ፖሊስ ነበሩ፣ ናዚዎቹን የማይወዱ ሰው። የሚገርመው የአይሁድ ድርጅቶች ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ጋዜጦች በላይ ረጋ ብለው ነው ያዩት፣ ምክንያቱም ሰውየውን በዮሐንስ ጳውሎስ ዘመን ከአይሁድ ጋር በተደረገው መቀራረብ ያውቋቸዋል፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደሞ ኮሎኝ ከተማ ምኩራብ ገብተዋል። በ2009 ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ የካደ አንድ ጳጳስ ውግዘት ሲያነሱ ነገሩ ተበላሸ እንጂ ጅማሬው ላይ ደህና ነበር።

ከሐዋሳ፦ አፍሪካና ላቲን አሜሪካ እንዴት ተቀበላቸው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ስህተት ነው። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ቅሬታው የተለየ መልክ ነበረው። ራትዚንገር ከ1981 ጀምሮ የቫቲካንን የእምነት ትምህርት መሥሪያ ቤት ሲመሩ፣ ሊበሬሽን ቲዎሎጂ የሚባለውን፣ ወንጌሉን ከድሆች ትግል ጋር የሚያያይዘውን አስተምህሮ፣ በ1984 ባወጡት ጽሑፍ ማርክሲዝም ቀላቅሏል ብለው ነቀፉት፣ በዓመቱ ብራዚላዊውን መነኩሴ ሊዮናርዶ ቦፍን አንድ ዓመት ዝም እንዲል አዘዙት። በዚያ ሥር ያደገ፣ መንደር ውስጥ በትንንሽ ቡድን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ የኖረ ብራዚላዊ ምርጫውን ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ብራዚል ደሞ በዓለም ላይ ብዙ ካቶሊክ ያለባት አገር ናት፣ የሳኦ ፓውሎው ካርዲናል ሁመስ ስም ሲነሳ ስለከረመ ተስፋውም ትልቅ ነበር።

አፍሪካ ላይ ግን ወግ አጥባቂነታቸው ራሱ ብዙም ያስከፋው የለም። የአፍሪካ ጳጳሳት በጋብቻውም በውርጃውም ከሳቸው የለዘበ አቋም የላቸውም እኮ! ያስከፋው ፓስፖርቱ ነው፣ ናይጄሪያዊው ካርዲናል አሪንዜ ስማቸው ሲጠራ ሰንብቶ መጨረሻ ላይ እንደገና አውሮፓዊ። ሌላው ኤችአይቪ ነው። የደቡብ አፍሪካው አንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ፣ ካቶሊክ ባይሆኑም፣ በኮንዶም ጉዳይና በሴቶች አገልግሎት ላይ ክፍት የሆነ ሰው ጠብቄ ነበር ብለው በግልጽ አዘኑ። ደቡብ አፍሪካ በየሳምንቱ ቀብር የሚወጣበት ዘመን ስለነበር ያን ቅሬታ በነገረ መለኮት ብቻ መመለስ አይቻልም፣ እኔ በበኩሌ ቱቱ ያነሱት ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አላገኘም ባይ ነኝ፣ በ2009 በነዲክቶስ ወደ ካሜሩን ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ኮንዶም ማደል ችግሩን አይፈታም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል ማለታቸው ደግሞ ነገሩን አባሰው።

በኤስኤምኤስ፦ ሕፃናት ላይ የተፈጸመውን በደል ሸፍነዋል አልሸፈኑም? አንዱን ይንገሩን።

አንዱን ብቻ ብነግራችሁ መዋሸት ይሆንብኛል። ከ2001 ጀምሮ ጉዳዮቹ ወደሳቸው መሥሪያ ቤት እንዲመጡ ተደርጓል፣ ሊመረጡ ሳምንታት ሲቀሩ በስቅለት ዓርብ ጽሑፋቸው ላይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በካህናቱም መሀል ስንት ቆሻሻ አለ ብለዋል፣ በ2006 ደሞ በቀድሞው ፖፕ ዘመን ማንም ያልነካውን የክርስቶስ ሌጂዮናውያን የሚባለውን የካህናት ማኅበር መሥራች፣ በዚሁ በደል የተከሰሰውን ማርሲያል ማሲየልን ከአገልግሎት አስወግደዋል። በሌላ በኩል በ2022 የወጣው የሙኒክ ሪፖርት እሳቸው እዚያ ሊቀ ጳጳስ በነበሩበት ጊዜ አራት ጉዳዮች ላይ ተገቢውን አላደረጉም ብሏል፣ እሳቸው አልተቀበሉትም፣ ግን ለተበደሉት ይቅርታ ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጨፈረውም የተኮረፈውም በሌላ ነገር ነበር፣ ይሄ ዋናው ጥያቄ መሆኑ የገባው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው።

ከፍራንክፈርት፦ ጀርመን ውስጥ መኪናቸው ተሸጠ የተባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም! በስማቸው ተመዝግባ የነበረች የ1999 ሞዴል ቮልስዋገን ጎልፍ አንድ ወጣት ከመኪና ሻጭ ገዝቷት ነበር፣ ከምርጫው በኋላ ሊብሬው ላይ የማን ስም እንዳለ ሲያይ ኢቤይ ላይ አወጣት፣ ወደ 189 ሺህ ዩሮ ተሸጠች፣ የገዛት ደግሞ የኢንተርኔት ቁማር ቤት ነው። ቢልድ ጋዜጣ «እኛ ፖፕ ነን» ብሎ በትልቁ ሲጽፍ የማርክትል ዳቦ ቤቶችና ቢራ ቤቶች በስማቸው መሸጥ ጀምረው ነበር፣ በዚያው ሰዓት ግን ብዙ ጀርመናዊ ካቶሊኮች ቅር ብሏቸዋል። የድሮ የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባቸው፣ በኋላ ግን ዋና ተቺያቸው የሆነው የነገረ መለኮት ምሁር ሃንስ ኩንግ ትልቅ ቅሬታ ነው ብሎ፣ ግን እስቲ መቶ ቀን እንስጣቸው አለ፣ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ጋብዘውት ለሰዓታት አወሩ። ይሄን ያልጠበቀው ደግሞ የጨፈረው ወገን ነው።

ከእምድብር የደወሉ አባት፦ በዚያ ምርጫ ላይ የኛ ሰው ነበረበት?

አልነበረበትም አባታችን። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ በ2003 መጨረሻ ሮም ውስጥ አርፈዋል፣ በሕይወት ቢኖሩም ከ80 ዓመት በላይ ስለነበሩ ድምፅ አይሰጡም ነበር። በ2013 በነዲክቶስ በፈቃዳቸው ሲለቁ በተደረገውም የለንበትም። ካርዲናል ብርሃነየሱስ የተሾሙት በ2015 ስለሆነ የኛ ሰው የገባው እ.ኤ.አ. በ2025 ሊዮ 14ኛ በተመረጡበት፣ 133 ሆነው ድምፅ በሰጡበት ኮንክላቭ፣ ማለትም ካርዲናሎቹ በር ዘግተው ፖፕ የሚመርጡበት ጉባኤ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኮሌጅ ግን ያኔም እዚያው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነበር፣ በግዕዝ የሚቀድሱት ተማሪዎቻችን ከአደባባዩ የእግር መንገድ ላይ ናቸው።