የጌዴዎን ጦር፣ የደሴ መንገድና አንድ ደብዳቤ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ኮማንዶ ነው የምናወራው።

ኮማንዶ ሲባል ብዙዎቻችን ከሄሊኮፕተር በገመድ የሚወርድ፣ ፊቱን የሸፈነ ወታደር ነው የሚታየን። ዛሬ የማወራላችሁ ጦር ግን ሄሊኮፕተር የለው፣ መድፍ የለው። በግመልና በእግሩ ነው ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም የገባው። 1,700 ገደማ ሰው ነበር። ከፊቱ የቆመው የጣልያን ጦር ደግሞ በአስር ሺዎች ይቆጠራል። የዚህ ጦር የመጨረሻው ትልቅ ድል ከእኛ ከተማ ከደሴ ጋር ምን እንዳገናኘው ወደኋላ ላይ ታያላችሁ።

[የጎጃምና የወሎ ካርታ]

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣልያን ሰኔ 1932 ላይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች። በዚያ ክረምት ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ቀድሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በእርሻ የኖረና አገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ጥቂት ሰው ይዞ በድብቅ ጎጃም ገባ። ሥራው አርበኞቹን ማግኘትና ከውጭ መሣሪያ የሚደርስበትን መንገድ ማመቻቸት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አርበኞቹ ያኔ አራት ዓመት ሙሉ ሲዋጉ ነው የቆዩት። ማንም መጥቶ አልቀሰቀሳቸውም። ጣልያን ከምሽጉ ራቅ ብሎ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ይሄ ባይሆን 1,700 ሰው ጎጃም ገብቶ ምንም አይፈይድም ነበር።

ከዚያ ዊንጌት መጣ። ኦርድ ዊንጌት፣ የዚህ ጦር አዛዥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ከእጁ የማይለይ፣ ከአለቆቹ ጋር የማይስማማ እንግሊዛዊ መኮንን። ለጦሩ «የጌዴዎን ጦር» የሚለውን ስም ያወጣውም ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው። ጌዴዎን 32,000 ሰው ይዞ ተነስቶ በ300 ሰው ብቻ፣ በሌሊት፣ በቀንደ መለከትና በችቦ ምድያምን ያሸበረበትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። የዊንጌት ዕቅድም በትክክል ይሄው ነበር፦ በሌሊት መምታት፣ ቶሎ መሰወር፣ ጠላት ቁጥርህን እንዳያውቅ ማድረግ።

ጦሩ የተሠራው ከሁለት ሻለቃ ጦሮች ነው። አንዱ የሱዳን የጠረፍ ሻለቃ ነው። ሌላው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው፣ በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተመለመለ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ድንበር አቋርጠው ገቡ፣ ጦሩም ጉዞ ጀመረ።

ጉዞው መከራ ነበር። ስንቁና ጥይቱ የተጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነው። ግመል የሜዳ እንስሳ ነው፣ የጎጃምን ዳገት አይችለውም። ብርድ፣ ድንጋይ፣ የግጦሽ እጥረት ጨረሳቸው። መንገዱ ላይ የወደቀው ሬሳ ከመብዛቱ የተነሳ ኋላ የሚመጣው ሰው ኮምፓስ አያስፈልገውም፣ ሽታውን መከተል ይበቃዋል ይባል ነበር። ከዚያ ሁሉ ግመል የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ውጊያው ላይ ስንመጣ፣ ቡሬ አካባቢ ያሉትን ምሽጎች ሌሊት ሌሊት በሞርታርና በመትረየስ ይነካኳቸዋል፣ ቦታ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይተኩሳሉ። የጣልያኑ አዛዥ ትልቅ ጦር የከበበው መስሎት የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቆ ወጣ። ሲወጣ ታዲያ ጨረቃ ወንዝ አጠገብ መንገዱ ላይ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። የኛዎቹ ጥቂት መቶዎች ናቸው፣ የመጣባቸው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር፣ ብረት ለበስ መኪናና አውሮፕላን የሚያግዘው ጦር። አልሸሹም። ገጥመው ብዙ ሰው ገደሉ፣ ከራሳቸውም ብዙ ሰው ወደቀ። ስለ ዊንጌት የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም፣ ስለዚህች ቀን ግን የሚያወራ ሰው ብዙም አላገኘሁም፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ሌላም አለ። ጣልያኖቹ ጥለውት ከወጡት ምሽግ በአንዱ የስልኩ መስመር አልተቆረጠም ነበር። ጣልያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አብሯቸው ስለነበር ዊንጌት ስልኩን እንዲያነሳ አደረገው፣ እሱም ወዲያ ማዶ ላለው ጣልያን ትልቅ ጦር እየመጣባችሁ ነው ብሎ ነገረው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

[ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ]

አሁን ወደኛ አገር እንምጣ። ከደብረ ማርቆስ የወጣው የጣልያን ጦር በኮሎኔል ማራቬንታኖ እየተመራ አባይን ተሻገረ። ሐሳቡ ደሴ መድረስ ነበር፣ ምክንያቱም ደሴ ያኔ ጠንካራ የጣልያን ይዞታ ናት። በዚያው ሰሞን ግን በብርጋዴር ፒናር የሚመራ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደዚህ እየመጣ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው የቦታውን ነገር ያውቀዋል። ታች ቦርከና አለ፣ ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እያንዳንዷ መኪና ፊት ለፊት ነው ያለችው። ጣልያኖቹ መድፋቸውን ከፍታው ላይ ደርድረው ጠበቁ። መንገድ መንገዱን ማለፍ አልተቻለም። ስለዚህ እግረኛው ተራራ መውጣት ነበረበት፣ በጎን ደግሞ አርበኞች አገዙት። ውጊያው ቀናት ፈጀ። ኮምቦልቻ ተያዘች፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደግሞ ደሴ። 8,000 ገደማ ሰው ተማረከ።

ማራቬንታኖ እንግዲህ የሚሄድበት አጣ። ከኋላው ዊንጌት፣ ዙሪያውን ራስ ካሣና አርበኞቹ፣ ከፊቱ ያለችው ደሴ ተይዛለች። እንዲያም ሆኖ ጦሩ ትልቅ ነው፣ ዊንጌት ዘንድ ያለው መደበኛ ወታደር ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ቀናት ያለፈበት ውጊያ ተደረገ። ከዚያ ዊንጌት ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ክረምት እየገባ ነው፣ እኔና የእንግሊዝ መኮንኖች ልንሄድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከአርበኞቹ ጋር ብቻችሁን ትቀራላችሁ፣ አሁን ካልተማረካችሁ ኃላፊነቱን አልወስድም።

ደብዳቤው ለምን ሠራ? ጣልያኖቹ በእነዚያ አምስት ዓመታት ሕዝቡ ላይ ያደረጉትን ስለሚያውቁ ነው። የፈሩት ዊንጌትን አልነበረም። ግንቦት 15 ቀን 1933 አጊባር ላይ 8,000 ገደማ ወታደር እጁን ሰጠ።

የጌዴዎን ጦር ወዲያው በግንቦት መጨረሻ ፈረሰ። ዊንጌት ይህንኑ ስልት ወደ በርማ ወስዶ ቺንዲት የሚባሉትን ከጃፓን ጦር መስመር ጀርባ የሚዋጉ ክፍሎች አቋቋመ፣ በ1936 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አጊባር ላይ አብሮት የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ፣ በኋላ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ኤስኤኤስ የተባለውን ዝነኛ የእንግሊዝ ኮማንዶ ተቀላቀለ። የእንግሊዞቹ ስም እያንዳንዱ ተጽፏል። ጨረቃ ወንዝ ላይ የወደቁትን የኛን ሰዎች ስም ግን በየቤቱ ካልፈለግነው በስተቀር አናገኘውም። አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ሁለተኛው ሻለቃ ውስጥ የነበረ፣ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ከአርበኞቹ ጋር የተዋጋ ካለ፣ ስሙንና የመጣበትን ቀበሌ ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን። ፎቶ ወይም ሜዳሊያ ያላችሁ ደሴ ካላችሁ እኛው መጥተን እንቀርጻለን።