ሰው በስሙ አጻጻፍ አይውደቅ

እንደምን አደራችሁ።

ከፒያሳ ወደ ታች፣ በቸርችል ጎዳና በእግሬ ነው የመጣሁት። ታክሲ ከምጠብቅ መራመድ ይሻለኛል ብዬ። ጥቁር አንበሳ ጋ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ።

የተጠራሁት ስለ ፈተና ደንብ እንድናገር ነው። ርዕሱ እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ቡናው ደግሞ ገና አልደረሰም። ትንሽ ታገሱኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። በክሊኒካል ኒውትሪሽን፣ ማለትም በሕሙማን አመጋገብ፣ የምንሠራ ሰዎች በፈተና የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ ይኑረን ከተባለ፣ ፈተናው በምን ደንብ ይመራ? ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እኔ የምለው ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነው። አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ ለታካሚ በቱቦ ወይም በደም ሥር ምግብ የሚያዝ ሰው ስለሚይዘው ወረቀት።

እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ ረቂቅ ጽፈናል። 11 ገጽ ነው፤ አላነብላችሁም። ስንጽፍ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር። «ሰው መውደቅ ያለበት ባለማወቁ ብቻ ነው፤ ማለፍ ያለበትም በማወቁ ብቻ።» እያንዳንዱን አንቀጽ በዚህች ለካነው። አልገጥም ያለውን ቀደድነው። ብዙ ቀደድን።

ፈተናው ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። የምነግራችሁ በራሴ ጥፋት ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሆስፒታሉን ተዉት። አንድ አባት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይዟቸው መጡ። ከወር በላይ ከውሃና ከጥቂት አጥሚት ሌላ የወረደላቸው ነገር የለም። ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርተዋል። ቱቦ ገባላቸው። እኛም አዘንን። ሰው ሲያዝን ምን ያደርጋል? ያበላል። «በሞቴ» ተብሎ የሚጎረስበት አገር ልጆች አይደለንም እንዴ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉውን መጠን አዘዝን። አዘዝን አልኩ እንጂ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው እጄን ያዙና «ተመስገን፣ ዛሬስ ጠገበልኝ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው። ትንፋሻቸው አጠረ። የልብ ምታቸው ተዛባ። ደማቸው ውስጥ ካሉት ማዕድናት ፖታሺየሙ ሲታይ ወርዷል። ፎስፌቱንስ ማን ለካው? ማንም።

እዚህ ያላችሁት ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ሪፊዲንግ ሲንድሮም ነው። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ይቆያል። ድንገት ካርቦሃይድሬት ሲመጣለት ኢንሱሊን ይነሳል። ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ሴል ሲያስገባ ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዥየም ተከትለውት ይገባሉ። ደም ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። ቫይታሚን ቢ1ም ያልቃል። ልብ የሚደክመው በዚህ መሃል ነው። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው፣ ናይስ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ፣ ስጋቱ ከፍ ያለበትን ሰው በቀን በኪሎ ከ10 ኪሎካሎሪ ባልበለጠ ጀምሩ ይላል። እኔ 35 ነበር ያዘዝኩት።

ሰውየው ተረፉ። ያተረፋቸው ግን ሌሊት ተረኛ የነበረ፣ ነቃ ያለ ሐኪም ነው።

የሚገርመኝ፣ ታካሚው ሕፃን ቢሆን አልሳሳትም ነበር። ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲተኛ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባል የሕክምና ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎካሎሪ። ጠንከር ያለው ኤፍ-100 የሚመጣው ሕፃኑ ሲረጋጋ ነው። ይህን በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶች እንቅልፋቸው ውስጥም ይሉታል። ለሕፃን የማውቀውን ለአዋቂ ማሻገር ነው ያቃተኝ። ዲግሪ ነበረኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

እሺ፣ ፈተናው ይኑር። ማን ይቀመጥ? አሜሪካ ውስጥ ለሬጂስተርድ ዳይቴሺያን፣ ማለትም ለተመዘገበ የአመጋገብ ባለሙያ፣ ፈተና ለመቀመጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ማስተርስ ግድ ሆኗል። እኛም እንደዚያ እናድርግ ያሉኝ አሉ። አልተስማማሁም። ሁለተኛ ዲግሪ ቢኖረኝ ኖሮ እኚያን አባት በትክክል እመግባቸው ነበር ብዬ መማል አልችልም። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ «ቀስ በይ» ቢለኝ ግን አደርገው ነበር። ስለዚህ ረቂቁ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪና፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር የተሠራ የሆስፒታል ሰዓት ነው። ሰዓቱ በየቀኑ በመዝገብ ይፈረማል። ከጓደኛ የመጣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ደብዳቤ አንቀበልም። ተቆጥቶ የደወለልኝ አለ። አሁንም አንቀበልም።

አሁን ብዙ ወደ ተጨቃጨቅንበት ልግባ። ስም።

የብዙ የውጭ ፈተናዎች ደንብ አንድ ነገር ይላል፤ መታወቂያ ላይ ያለው ስም ከተመዘገቡበት ስም ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ አይገቡም። እነሱ ጋ ይሠራል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም ነው ያለን። ፀሐይ የምትባል ልጅ ዲግሪዋ ላይ በላቲን ፊደል በአንድ መንገድ ተጽፋለች፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ፣ ባንክ ደብተሯ ላይ በሦስተኛ። ኃይለማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ጋ ሁለት። እንዲህ ያለ ደንብ እንዳለ ብንገለብጠው ግማሹ ተፈታኝ ከበር ይመለሳል። በሥነ ምግብ ወድቆ ሳይሆን በፊደል።

ረቂቁ ምን አለ? የስም ጉዳይ በምዝገባ ጊዜ ይለቅ። የፋይዳ መታወቂያ ያለው በፋይዳ ቁጥሩ ይመዝገብ። የአጻጻፍ ልዩነት ካለ ያኔ ይስተካከል፣ ማስተካከያውም በነጻ ይሁን። በፈተናው ቀን በር ላይ የሚታየው ፎቶና ቁጥር ነው። ጥበቃው ስለ «ፀ» እና «ጸ» አይወስንም።

ቀጥሎ ሰዓት። አትሳቁ። አንድ ባልደረባዬ ለአንድ የሙያ ፈተና ስትመዘገብ የደረሳት ወረቀት «8:00» ይላል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ምሳዋን በልታ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ በ7 ሰዓት ተኩል ደረሰች። ፈተናው የተሰጠው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር። አዳራሹን እየጠረጉ ነው ያገኘቻቸው። የከፈለችውም አልተመለሰላትም፤ «ቀርተሻል» ተባለች። እኛ ጋ የመጥሪያ ወረቀት ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃልም ይጨመርበታል። ቀኑም እንደዚያው፣ በእኛም በእነሱም።

ስለ ዘግይቶ መምጣት አጭር ነገር ልበል። ፈተና ከተጀመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ ማንም አይገባም፤ ይህ አይለወጥም። ግን እኛም ቀን ስንመርጥ አስበን እንምረጥ። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሳምንት መሃል አዲስ አበባ ላይ ፈተና መጥራት፣ በኅዳር የታላቁ ሩጫ ዕለት ስታዲየም አካባቢ ፈተና መጥራት፣ ተፈታኙን በእግሩ ከሳሪስ ማስመጣት ነው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት አይሆንም። ቅዳሜን ሰንበት የሚያከብር ካለ ሌላ ቀን ይሰጠው። መብራት ከጠፋ ሰዓቱ ይቆማል፣ የጠፋው ደቂቃ ይመለሳል። ይህን የምንጽፈው ጄኔሬተር ስለሌለ አይደለም። ጄኔሬተሩ እንቢ የሚልበትን ቀን ስለምናውቀው ነው።

የምታጠባ እናት ዕረፍት ታገኛለች፣ ዕረፍቷም ከፈተናው ሰዓት አይቀነስም። ስኳር ሕመም ያለበት ተፈታኝ መለኪያውንና ከረሜላውን ይዞ ይገባል። ይህን በረቂቁ ላይ የጨመርነው፣ አንድ ተፈታኝ ሌላ ቦታ ከረሜላውን ተቀምቶ እንደገባ ሲነግረን ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ሆነን፣ በሥነ ምግብ ፈተና ላይ፣ ሰው ስኳሩ ወርዶ ቢወድቅብን የት እንገባለን?

እስካሁን ያልኩት ያለአግባብ ስለሚወድቀው ነው። ያለአግባብ ስለሚያልፈው ደግሞ ልናገር። እዚህ ላይ ፊቴ ይቀየራል።

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥያቄ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ሌሊት ሲያጠና ያደረው ልጅ ከሰረቀው ጋር እኩል ተቀጣ። አሁን ስርቆት ቀላል ሆኗል። ተፈታኙ ከአዳራሽ ይወጣል፣ ያስታወሰውን ቴሌግራም ላይ ይጥላል፣ «ለወገን ብዬ ነው» ይላል። ወገኑ ማን ነው? አልጋ ላይ ያለው ሰውዬስ የማን ወገን ነው? መልሱን ሸምድዶ ያለፈ ሰው ነገ የሚያዘው ለእሱ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ተፈታኝ ጥያቄ ላለማውጣት ይፈርማል። አውጥቶ የተገኘ ውጤቱ ይሰረዛል፣ ለሁለት ዓመትም አይቀመጥም። ስልክ ማጥፋት አይበቃም፣ ውጭ ይቀራል። ስማርት ሰዓትም እንዲሁ።

ጥያቄዎቹን ራሳችን እንጻፍ። ከውጭ የተገዛ ፈተና ስለ ተጋገረ ድንች ይጠይቃል። የእኛ ሰው የሚበላው ሽሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር ሆነን ፋፋን የሠራን ሰዎች፣ የራሳችንን ጥያቄ መጻፍ አያቅተንም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኩላሊታቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ እናት ሁዳዴን ሊጾሙ ነው። 55 ቀን። እጥበቱ ፕሮቲን ይወስዳል፤ ፍላጎታቸው በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። የጾም ፕሮቲን ማለት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ነው። እሱ ደግሞ ፖታሺየምና ፎስፎረስ ይዞ ይመጣል። ምን ትላቸዋለህ? «አይጹሙ» የሚለው ምርጫ ፊደል «ሀ» ላይ ይኑር፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። እትዬ ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ ልጄ» ይሉና ይጾማሉ። ትክክለኛው መልስ ምስሩ ተቀቅሎ ውሃው እንዲደፋ፣ መጠኑ እንዲለካ፣ የደም ምርመራው እንዲቀራረብ፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር እንዲነጋገሩ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከውጭ ማን ይጽፍልናል?

አዲስ ጥያቄ ደግሞ ሳይሞከር ነጥብ አይያዝበትም። በአሜሪካኑ የዳይቴሺያን ፈተና 25 ጥያቄዎች ነጥብ የላቸውም፤ ለሙከራ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ይቀርባሉ፣ ተፈታኙም አይለያቸውም። ይህን እንውሰድ።

የማለፊያ ነጥብስ? «50 ይሁን» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ለምን 50? ክብ ቁጥር ስለሆነ? እ.ኤ.አ. በ1971 ዊልያም አንጎፍ የጻፉት ዘዴ አለ። ባለሙያዎች ይሰበሰባሉ። ጥንቅቅ ያለውን ባለሙያ አያስቡም፤ አፋፍ ላይ ያለውን፣ ለጥቂት የሚያልፈውን ነው የሚያስቡት። እንዲህ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ የመመለስ ዕድሉ ስንት ነው ብለው በየጥያቄው ይገምታሉ። ግምቱ ተደምሮ ማለፊያውን ይሰጣል። ፈተናው ሲከብድ ማለፊያው ይወርዳል፣ ሲቀል ይወጣል። ሥራው አድካሚ ነው። ቢሆንም ለወደቀው ሰው «ለምን ወደቅኩ» ሲል የሚሰጠው መልስ አለን።

መልስ ካልኩ አይቀር፣ «አላለፉም» የሚል አንድ መስመር ውጤት አይላክም። በቱቦ መመገብ ላይ ስንት፣ በኩላሊት ስንት፣ በሕፃናት ስንት እንዳገኘ ተለይቶ ይነገረዋል። አቤቱታ ካለው በ30 ቀን ውስጥ ይመለስለታል፤ የሚያየውም ጥያቄውን ያልጻፈ ሰው ነው። የብቃት ወረቀቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል።

ስለ ክፍያ ረቂቁ ገጽ 9 ላይ አለ። ተስማምተን ስላልጨረስነው ዛሬ አልነካውም።

የቀረው ዳግም መፈተን ነው። አሜሪካኖቹ የወደቀን ሰው 45 ቀን ያስጠብቁታል። እኛ መሃል አንዳንዶች ይህ በቂ ነው አሉ፤ ሰው ሥራ እየጠበቀው ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ሦስት ወር ብያለሁ። በ45 ቀን ጥያቄ ይሸመደዳል እንጂ ዋርድ ውስጥ ያልታየ ነገር አይታይም ብዬ ነው። ረቂቁ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች በቅንፍ ተቀምጠዋል፣ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ከኋላ ረድፍ ገና ሦስት ወር ከማለቴ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ያየኋቸው አሉ። ማይኩን መጀመሪያ ለእነሱ ውሰዱላቸው።