ውሃውም አብሮ ጠፋ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ እ.ኤ.አ. በ2025 ማርች ማብቂያ ላይ በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ክፍል የወረደውን በረዶ ነው። የዓለም ዜና ቶሎ አልፎታል፤ እኔ ግን ልተወው አልቻልሁም።

ወቅቱ ጸደይ ነበር፤ ሰው ብርዱን ሸኝቶ እፎይ የሚልበት። ከላይ ሞቅ ያለ አየር፣ ከመሬት አጠገብ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ ስስ የአየር ንብርብር ሲገናኙ፣ ዝናቡ ውሃ እንደሆነ ይወርድና የነካው ነገር ላይ ወዲያው ይረጋል። ከማርች 28 እስከ 30 በረዶው እየተደራረበ ረጋ። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ደረሰ። ያን የተሸከመ ቅርንጫፍ ይገነጠላል፤ ሲወድቅም ሽቦውን ይዞ ይወርዳል፤ ሽቦው ደግሞ ምሰሶውን ይጎትታል።

በገጠሩ ብዙ ቤት የሚጠጣው ከራሱ ጉድጓድ ነው፤ ውሃውን የሚስበው ደግሞ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቧንቧውም ይደርቃል። የከተማ ሰው ይህን ቶሎ አያስበውም። መጸዳጃ ቤት ለማጠብ ብቻ በረዶ በባልዲ ዝቆ ምድጃ ላይ ማቅለጥ ይመጣል፤ ባልዲው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሲቀልጥ ግን ከታች የሚገኘው ጥቂት ውሃ ነው። ሽማግሌና ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ሳስብ ልቤ ይከብዳል። መንገዱ በወደቁ ዛፎች ተዘግቶ ሳለ፣ ሞተር መጋዝ ያለው ሰው ከራሱ ደጅ ጀምሮ እየቆረጠ ወደ ጎረቤቱ መድረስ ነበረበት።

በዚያው አካባቢ ያለችው ጌይሎርድ የተባለች ከተማ በ2022 በአውሎ ነፋስ ተመትታ ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት ይህ ደረሰባት።

ጊዜው የሜፕል ዛፍ ፈሳሽ የሚሰበሰብበትም ነበር። ፈሳሹ ተፈልቶ ሽሮፕ የሚባል እንደ ማር ያለ ጣፋጭ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማውጣት አርባ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ችግኙም ለዚያ ለመድረስ አርባ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፈሳሹን ከዛፉ የሚቀዳው ቱቦ ቢበጠስ በሌላ ይተካል። ዛፉ የተሰበረበት አዛውንት ግን ቢተክል እንኳ የሚቀዳው የልጅ ልጁ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

ሌላም አለ። በዚያ አካባቢ ብዙውን መስመር የዘረጉት አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ከሌሎች ግዛቶች ሠራተኞች መጥተው ረድተዋል፤ እሰየው። ይሁንና ቤቶች በተራራቁበት አገር ረጅም መስመር የሚሸከመው ጥቂት ሰው ነው፤ ያልተደጎመው የጥገና ወጪም ዞሮ ዞሮ በዚያው ሰው ሂሳብ ላይ ያርፋል። ለአደጋው እርዳታ የሚያስገኘው የፌዴራል መንግሥቱ እውቅና የተሰጠው በጁላይ ነበር። በጨለማ ለከረመ ሰው ይህ እጅግ የዘገየ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ የወደቀው እንጨት በበጋው ደርቆ የሰደድ እሳት ስጋት በሆነበት ጫካ ዳር ለሚኖር።