ሳጥኑን አትጣሉ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት በስልክ መስመራችን ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው እነሆ። ያነሣነው የታካሚ ደህንነትን ነው፤ ለመዳን ሄዶ ሌላ ጉዳት ይዞ አለመመለስን። አንዳንዱን ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የምሰማው። አልሰለቸኝም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ጠይቁ፣ አብሽሩ።

ከኮምቦልቻ፣ እናት፦ የደም ግፊት መድኃኒቴ ሳጥኑ ነጭ ነበር። አሁን ሰማያዊ ሰጡኝ፣ ስሙም ሌላ ነው። ከድሮው ጥቂት ፍሬ ቀርቶኛል። ሁለቱንም ልዋጥ?

ኧረ በፍጹም፣ እትዬ! ሳጥኑ ላይ ሁለት ስም አለ። ትልቁን ፋብሪካው ነው ያወጣው። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው። ለምሳሌ አምሎዲፒን በብዙ ዓይነት ሳጥን ይመጣል። ትንሹ ስምና ሚሊግራሙ ከድሮው ጋር ከገጠመ መድኃኒቱ አንድ ነው። ሁለቱን ከዋጡ እጥፍ ወሰዱ ማለት ነው፤ ግፊትዎ ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። ካልገጠመ ሳይውጡ ሁለቱንም ይዘው ፋርማሲውን ይጠይቁ። ሳጥኑን አትጣሉ እያልኩ የምጮኸው ለዚህ ነው።

ከደሴ፦ እህቴ ወልዳ ተኝታለች። ሊያያት የመጣውን ባለሙያ "እጅህን ታጠብ" ማለት ነውር ነው?

ነውር የለውም። ፈገግ ብለሽ "ዶክተር፣ እጅዎን ታጠቡ?" በይው። ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም እጅ መታጠብ የወላዶችን ሞት እንደሚቀንስ ቪየና ላይ ያሳየው እንደ ጎርጎርዮሳውያን በ1847 ነው። ባልደረቦቹ ተቀየሙት። እኛ የጤና ባለሙያዎችም ዛሬ ትንሽ እንቀየም ይሆናል፤ ያልፍልናል። ክፍሉ ውስጥ ውኃ ከሌለ ግን ባለሙያውን ትተሽ ኃላፊውን ጠይቂ።

ከሐይቅ፦ ጸበል ወይም ዱዓ ላይ እያለን መድኃኒት መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል። መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጡ።

ከወልዲያ፣ አባት፦ ትልቁ ልጄ ጉንፋንና ሳል ይዞት የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ገዝተን በሦስተኛው ቀን ተሻለው። ግማሹ ቀርቷል። አሁን ትንሿን ጉንፋን ይዟታል። ልስጣት?

ቁጭ በል ወንድሜ፣ ይሄ ይረዝማል።

አትስጣት። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። የልጁ ጉንፋን በራሱ ጊዜ ለቆት ይሆናል፤ ምስጋናውን ግን ሽሮፑ ወሰደው። ደግሞ ከአንቲባዮቲኮቹ አንዱ፣ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ፣ ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው የሚያገለግለው። ቁም ሳጥን ውስጥ ወር ከከረመ መድኃኒት አትበለው። የልጅ መጠን የሚሰላው በኪሎ ነው፤ ለወንድሟ የታዘዘው ማንኪያ ለእሷ አይሆንም።

በአንተ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ በቃኝ ነበር። ግን ከቆቦ እስከ ከሚሴ ይኸው ነው። የተረፈ ፍሬ ቡና ላይ እንደ ስኳር ይበዳደሩታል። ካፕሱል ሰብሮ ቁስል ላይ የሚነሰንስም አለ። ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል እንጂ ዱቄት አይነሰነስበትም። "ቴትራሳይክሊን ለሁሉ ነገር ነው" የሚል ሰው ደግሞ ይህን አንቲባዮቲክ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሲሰጠው የጥርሱን ቀለም ለዘለቄታው ሊያበላሽበት ይችላል።

የመርፌ ፍቅራችንስ! "መርፌ ካልወጋችሁኝ አልዳንኩም" ብሎ ሐኪም የሚቀየር ስንቱ ነው። ሰፈር ውስጥ በሚወጋ ሰው ፔኒሲሊን ተወግታችሁ ሰውነታችሁ ቢቆጣ፣ ትንፋሽ ለማጠር ደቂቃዎች ይበቃሉ። ያ ሰው ቤት እንዲህ ያለውን ቁጣ የሚያበርደው መርፌ፣ አድሬናሊን፣ የለም፤ ኦክስጅን የለም።

ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲሸለም ይህንኑ አስጠንቅቋል፤ በማይበቃ መጠን የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል ብሎ። የፈራው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። መድኃኒት ቤቱም ያለ ማዘዣ መሸጥ አልነበረበትም። ደንቡ አለ፤ የሚያስከብረው ነው የጠፋው።

ልጅቷ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃታት ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ሽሮፑን ድፋው።

ከባቲ፦ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ፍሪጅ የለኝም፣ ሙቀቱም አይቻልም።

በላስቲክ ጠቅልለህ፣ ውኃ ሳይነካው፣ ጥላ ውስጥ ባለ እርጥብ የሸክላ ዕቃ አስቀምጠው። የተከፈተውን ከአራት ሳምንት በላይ አትጠቀም። ረመዳንን ለመጾም ካሰብክ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሐኪምህን አግኝ፤ መጠኑን በስልክ አልነግርህም።

ከመርሳ፦ እናታችን ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ተናግረን ነበር። ሆስፒታል ተኝተው እሱኑ ሰጧቸው። አብጠው ለጥቂት ተረፉ። ነርሷ እንድትባረር የት እንክሰስ?

እንኳን አተረፋቸው። መቆጣታችሁ ልክ ነው። ግን እሷን አባረን ዝም ካልን፣ በቦታዋ የምትመጣዋም ያንኑ ትሳሳታለች። ሌሊቱን ብቻዋን ስንት አልጋ ይዛ ነበር? አለርጂው ካርዱ ላይ በጉልህ ተጽፏል? ብልቃጦቹ ይመሳሰሉ ነበር?

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሪፖርት በሆስፒታል ስህተት በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው ይሞታል ብሎ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥብ ያለው ማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት የታካሚው ስም፣ የሚቀደደው ቦታ፣ አለርጂው ጮክ ተብሎ ይጠየቃል። ጎበዙም ሐኪም ስለሚረሳ ነው። የጤና ለውጥ ሲባል ሕንፃና ቀለም ብቻ ይታየናል። እኔ የምለው ስህተቱን የተናገረ ሠራተኛ የማይቀጣበት፣ የደበቀ የሚጠየቅበት አሠራር ነው። አሁን የሚናገረው ተቀጥቶ የሚደብቀው ያልፋል።

ለሆስፒታሉ በጽሑፍ አመልክቱ። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት እንዲደረግም ጠይቁ። የእናታችሁን አለርጂ በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያቸው ጋር ይያዙት፤ የመድኃኒቱን ሳጥንም አትጣሉ።

ከተሁለደሬ፦ ጤና መድን ከፍለን መድኃኒት "የለም፣ ውጭ ግዙ" እንባላለን። ታዲያ መድኑ ምን ፈየደ?

ጥያቄህ እውነት አለው። ወረዳችሁ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ከማንም በላይ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ደረሰኝና ማዘዣ ያዝ፣ ወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ። ባዶ መደርደሪያም የታካሚ ደህንነት ጉዳይ ነው፤ ሰው ያጣውን ፍለጋ ገበያ ወርዶ ያልታወቀ ነገር ይገዛል።

ከደሴ፦ አባቴ ስኳር አለባቸው። እግራቸው ሥር ትንሽ ቁስል ወጥቶ ከረመ። አያመኝም ይላሉ። ምን ቅባት ልግዛ?

ቅባት አልነግርሽም፣ እህቴ። ስኳር የእግርን ስሜት ይገድላል፤ "አያመኝም" ማለታቸው ራሱ ያሰጋኛል። ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው።